ቤት የገባው መዝገብ ቤት

ኤክስተርናል ሀርድ ዲስክን ከዋይፋይ ራውተሩ ጀርባ ሰክቶ ቤተሰቡ ሁሉ እንዲጠቀምበት ማድረግ ዛሬ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። የሰርጉ ቪዲዮ በሳሎኑ ቴሌቪዥን ይከፈታል፣ ልጅ የትምህርት ቤት ሥራዋን ከላፕቶፗ ታስቀምጥበታለች፣ በስልክ የተነሱ ፎቶዎች ማታ ማታ ወደዚያው ይገለበጣሉ። ኢንተርኔት ቢቋረጥም ሥራው አይቆምም። ፋይሉ የሚመላለሰው ከክፍል ወደ ክፍል ስለሆነ ከወርሃዊው የዳታ ጥቅል አንዲት ሜጋባይት አትቀነስም። ታዲያ ነገሩ እንዲህ ቀላል ከሆነ ትናንት ሲከፈት የዋለው ፎልደር ኮምፒውተሩ አፕዴት ካደረገ በኋላ ለምን አልከፈት ይላል? ስልኩ ያየውን ፋይል ቴሌቪዥኑ ለምን አያየውም? ማንም ፓስወርድ ያላደረገበት ዲስክ ለምን ፓስወርድ ይጠይቃል?

መልሱ ከመሣሪያው መመሪያ ይልቅ ከታሪኩ ይገኛል። በቤታችን ለምንጋራው ዲስክ ተብሎ ከመሠረቱ የታሰበ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ኮምፒውተሮቹ የሚነጋገሩበት ፕሮቶኮል፣ የፋይል መቆለፊያው፣ የተጠቃሚ ስሙና ፈቃዱ ሁሉ የቢሮ ዕቃ ነው። ቢሮ ደግሞ ይህን ሁሉ ለሚከታተል ሰው ደመወዝ ይከፍላል። ቤት ዕቃውን ወረሰ፤ የሚከታተለው ሰው ግን አብሮ አልመጣም። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዲስክ መጋራት የተጀመረው በውድነቱ ምክንያት ነው። አይቢኤም በ1956 ለገበያ ያቀረበው ራማክ፣ ሀርድ ዲስክ ይዞ የወጣ የመጀመሪያው ኮምፒውተር ነበር። በሬይኖልድ ጆንሰን የሚመራ ቡድን ካሊፎርኒያ ሳን ሆዜ ውስጥ የሠራው ይህ ዲስክ እያንዳንዳቸው 61 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያላቸው 50 ሳህኖች የተደረደሩበት፣ አንድ ቶን ገደማ የሚመዝን ቁም ሳጥን ነው። የሚይዘው 5 ሚሊዮን ፊደላት ብቻ ሲሆን፣ ዛሬ ጥሩ ካሜራ ባለው ስልክ የተነሳ አንድ ፎቶ ሊሞላው ይችላል። ራማክ በአብዛኛው በኪራይ ይሰጥ ነበር፤ ለሙሉው ሲስተም የሚከፈለው በወር 3,200 ዶላር ነበር። እንዲህ ያለውን ዕቃ ለአንድ ሠራተኛ ጠረጴዛ መመደብ የማይታሰብ ነው። ሥራ ያለው ሁሉ ወደ ማሽኑ ይመጣል እንጂ ማሽኑ ወደ ማንም አይሄድም።

የግል ኮምፒውተር ሲመጣ ያው ችግር በትንንሹ ተመለሰ። በ1970ዎቹ መጨረሻ «አፕል ሁለት» የተባለውን ኮምፒውተር የገዛ ሰው ሥራውን የሚያስቀምጠው በፍሎፒ ነበር፤ አንዷ ፍሎፒ ቢበዛ 140 ኪሎባይት ገደማ ትይዛለች። ኮርቨስ ሲስተምስ የተባለ የሳን ሆዜ ኩባንያ ለዚህ ኮምፒውተር የሚሆን 10 ሜጋባይት ሀርድ ዲስክ አቀረበ። ዋጋው ከ5,000 ዶላር በላይ ነበር፤ ከራሱ ከኮምፒውተሩ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። አንድ ትምህርት ቤት ሃያ ኮምፒውተር ቢኖረው ሃያ ዲስክ መግዛት አይችልም። ኮርቨስ ይህን አይቶ ኮንስቴሌሽን የተባለ መሣሪያ ሠራ፤ ብዙ ኮምፒውተሮች በየኬብላቸው መጥተው በአንዱ ዲስክ ላይ ይገናኛሉ። በ1981 ደግሞ ኦምኒኔት የሚባል፣ በተጠማዘዘ የመዳብ ሽቦ በሰከንድ 1 ሜጋቢት የሚያመላልስ ኔትወርክ አስከተለ። መጠባበቂያ ቅጂ የሚያዝበት መንገድማ ለብቻው ይገርማል። ኩባንያው የዲስኩን ይዘት በተራ የቪዲዮ ካሴት ላይ የሚቀዳ ካርድ ይሸጥ ነበር። ሰው ፊልም በሚቀዳበት ካሴት መሥሪያ ቤቱ ሒሳቡን ይቀዳበታል።

የኮርቨስ ዘዴ ግን እንከን ነበረው፤ እንከኑ ዛሬም የቤት ተጠቃሚን ስለሚያደናግር ትንሽ ልቆይበት። ዲስኩ ይሸነሸንና ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር ድርሻው ይሰጠዋል። ኮምፒውተሩ ያን ድርሻ የግል ዲስኩ አድርጎ ይቆጥረዋል። የትኛው ፋይል የት እንደተጻፈ፣ የትኛው ቦታ ባዶ እንደሆነ መዝግቦ የሚይዘው ራሱ ኮምፒውተሩ ነው፤ ዲስኩ የታዘዘውን ከመጻፍ በቀር ምንም አያውቅም። አሁን ሁለት ኮምፒውተሮች በአንዱ ድርሻ ላይ እንዲጽፉ ቢፈቀድላቸው ሁለቱም የባዶ ቦታ ዝርዝር በየራሳቸው ይይዛሉ። አንዱ ባዶ ነው ብሎ ደብዳቤ የጻፈበትን ቦታ ሌላውም ባዶ ነው ብሎ ሒሳብ ይጽፍበታል። ከዚያ በኋላ ደብዳቤውም ሒሳቡም የለም። አንድን ኤክስተርናል ዲስክ በሁለት ኬብል ለሁለት ላፕቶፖች በአንዴ መስጠት ለምን እንደማይቻል የሚጠይቅ ሰው መልሱ ይኸው ነው። ዩኤስቢም ዲስኩን ጥሬውን ለአንድ ጌታ ያስረክባል፤ ጌታው ሁለት ይሆናል ተብሎ አልታሰበም።

መፍትሔው የመጣው ከዩታ ነው። ኖቬል የተባለ ኩባንያ በ1981 ሦስት ወጣት የፕሮግራም ባለሙያዎችን፣ ድሩ ሜጀርን፣ ዴል ናይባወርንና ካይል ፓወልን፣ በኮንትራት ይዞ ነበር። በ1983 ኔትዌር ተብሎ የወጣው ሥራቸው ዲስኩን መሸንሸን ትቶ ፋይሉን ማደል ጀመረ። መሥሪያ ቤት ጉዳይ የነበረው ሰው ነገሩ አይጠፋውም። ባለጉዳይ መዝገብ ቤት ገብቶ መደርደሪያውን አያምስም፤ በመስኮቱ በኩል የፋይል ቁጥሩን ይናገራል፣ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ያወጣለታል፣ ማን እንደወሰደው ይጽፋል፣ ሌላ ሰው ያንኑ ፋይል ፈልጎ ሲመጣ «እገሌ ጋ ነው፤ ሲመልስ ና» ይለዋል። ኔትዌር ያስቀመጠው ይህን ሠራተኛ ነው። ዲስኩን የሚነካው አንድ ሰርቨር ብቻ ይሆናል፤ ሌሎቹ ኮምፒውተሮች ሁሉ ይጠይቁታል እንጂ ወደ መደርደሪያው አይደርሱም። በቤታችን ይህን ሥራ የሚሠራው ራውተሩ ነው። በሁለት ላፕቶፕ አንድ የዎርድ ሰነድ ስንከፍት ሁለተኛው «ማንበብ ብቻ ነው የሚቻለው» የሚለን የዚያ ሠራተኛ ድምፅ ነው።

በዚያው በ1983 አካባቢ አይቢኤም ውስጥ ባሪ ፋይገንባም የተባለ ባለሙያ ፒሲዎች ፋይልና ፕሪንተር የሚጋሩበትን ፕሮቶኮል ነደፈ። ኤስኤምቢ የምንለው ይህ ነው። ሰን ማይክሮሲስተምስ ደግሞ ለዩኒክስ ማሽኖች ኤንኤፍኤስን በ1984 አስተዋወቀ፤ በቴክኒክ ንጹሕነት ኤንኤፍኤስን የሚያስበልጡ ብዙዎች ናቸው። ግን ማይክሮሶፍት ኤስኤምቢን ተቀብሎ አሳደገው፣ በ1992 ዊንዶውስ ፎር ወርክግሩፕስ ውስጥ አስገብቶ በየጠረጴዛው አዳረሰው፤ ነገሩ በዚያው ተወሰነ። የዛሬው ስልክም፣ ማክም፣ ራውተርም የሚናገረው ኤስኤምቢን ነው።

ይህ ፕሮቶኮል የተወለደው በአንድ ፎቅ ኮሪደር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በመጀመሪያው አሠራሩ እያንዳንዱ ኮምፒውተር ስሙን በኔትወርኩ ላይ እየጮኸ ያሳውቃል፤ የሰማ ይመዘግባል። አብሮ ያለው ሁሉ የአንድ መሥሪያ ቤት ሰው ስለሆነ የሚሰማ ባዕድ አለ ብሎ የተጨነቀ የለም። ይህን እናቆየው፤ በኋላ እንመለስበታለን።

በ1991 መገባደጃ ካንቤራ ላይ፣ በአውስትራሊያ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ የነበረው አንድሩ ትሪጅል አንድ ትንሽ ችግር ገጠመው። ጠረጴዛው ላይ ያለው ፒሲ የዲጂታል ኩባንያ ሥራ የሆነውን ፓዝዎርክስን ጭኗል፤ ይህ ሶፍትዌር የሚገናኘው ከዚያው ከዲጂታል ሰርቨር ጋር ነው፤ ትሪጅል ፋይሎቹን ማግኘት የፈለገው ግን ከሰን ማሽን ነበር። ፕሮቶኮሉን የሚያስረዳ ሰነድ በእጁ የለም። ስለዚህ በሽቦው የሚያልፈውን እያንዳንዱን ፓኬት እያጠመደ ማየት ጀመረ። ፒሲው ይህን ሲል ሰርቨሩ ያን ይላል፤ ፒሲው ፋይል ክፈትልኝ ሲል በስንተኛው ባይት ላይ ምን ቁጥር ይመጣል፣ ፋይሉ ከሌለ ምን ተብሎ ይመለሳል። እንዲህ እየመዘገበ በሰኑ ላይ ልክ እንደዚያ የሚመልስ ሰርቨር ጻፈ። ፒሲው የሚያነጋግረው ሌላ ማሽን መሆኑን አላወቀም። ኮዱን በጃንዋሪ 1992 ለፈለገው ሁሉ በነጻ ለቀቀው።

ትሪጅል የሚከተለው የዲጂታልን ፕሮቶኮል መስሎት ነበር፤ እጁ የገባው ኤስኤምቢ መሆኑን የተረዳው በኋላ ነው። ሥራውን ወደ ጎን አድርጎ ሁለት ዓመት ያህል ቆየ። ከዚያ አንድ ቀን የባለቤቱን የዊንዶውስ ኮምፒውተር ከራሱ ሊነክስ ማሽን ጋር ማገናኘት ፈለገ፤ ያን አሮጌ ኮድ ሲሞክረው ሠራ። የቤት ውስጥ ፋይል መጋራት ታሪክ ከየት ይጀምር ብባል ከዚህች የባልና ሚስት ኔትወርክ እጀምራለሁ። አንዱ አንድ ዓይነት ማሽን፣ ሌላዋ ሌላ ዓይነት ማሽን ያላቸው፣ የኔትወርክ ሠራተኛ የመቅጠር ሐሳብም አቅምም የሌላቸው ሰዎች ናቸው። ኮዱ ከ1994 ጀምሮ ሳምባ ተብሎ ተጠራና በየአገሩ ያሉ ፕሮግራመሮች ተረባረቡበት።

ማይክሮሶፍት በዚህ ደስተኛ አልነበረም፤ የፕሮቶኮሉን ዝርዝር ለውጭ ሰው አይሰጥም ነበር። የአውሮፓ ኮሚሽን በ2004 ኩባንያውን 497 ሚሊዮን ዩሮ ሲቀጣ ከክሱ አንዱ ይኸው ዝርዝር መደበቁ ነበር። ፍርድ ቤት ውሳኔውን በሴፕቴምበር 2007 አጸና፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ የሳምባ ሰዎች ለማይክሮሶፍት 10,000 ዩሮ ተከፍሎላቸው ሰነዱን እጃቸው አስገቡ። ከአሥራ አምስት ዓመት የፓኬት ቆጠራ በኋላ መሆኑ ነው።

ዋይፋይ የሚጓዝበትን አየር የሚመለከተው ታሪክ ከዚህ ቀደም ብሎ፣ በውቅያኖስ መሐል ይጀምራል። የሃዋይ ዩኒቨርሲቲው ኖርማን አብራምሰን በደሴቶች የተበታተኑ ጣቢያዎችን ከአንድ ኮምፒውተር ጋር በሬዲዮ ለማገናኘት አሎሃኔትን በ1971 ሥራ አስጀመረ። ሐሳቡ ድፍረት የተሞላበት ነበር፤ ተራ የሚሰጥ አካል የለም፣ መልእክት ያለው ይልካል፣ ሁለት መልእክት ከተጋጨ ሁለቱም የዘፈቀደ ጊዜ ጠብቀው እንደገና ይልካሉ። ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ በንድፈ ሐሳብ ከመስመሩ አቅም ሊሠራ የሚችለው 18 ከመቶ ያህሉ ብቻ ነው። ሮበርት ሜትካልፍ ይህንኑ አሻሽሎ በዜሮክስ ፓርክ የምርምር ማዕከል በሜይ 1973 ኢተርኔትን በማስታወሻ አቀረበ፤ በዚያ ቤት የሚጋሩት ብርቅ ዕቃ የሌዘር ፕሪንተሩ ነበር።

ከዚያ በ1985 የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን 2.4 ጊጋኸርዝን ጨምሮ ሦስት የሞገድ ክልሎችን ያለ ፈቃድ መጠቀም እንዲቻል ደነገገ። እነዚህ ቀድሞ ለኢንዱስትሪና ለሕክምና መሣሪያዎች፣ ለማይክሮዌቭ ምድጃም ጭምር የተተዉ፣ ማንም የማይጓጓላቸው ክልሎች ነበሩ። ወዲያው የዘለለበት ኤንሲአር ነው፤ የሱቅ ገንዘብ መቀበያ ማሽን የሚሠራው ኩባንያ። ሱቆች ዕቃ አደራደራቸውን በቀየሩ ቁጥር ለየማሽኑ ኬብል እንደገና መዘርጋት ሰልችቷቸው ነበርና። ሆላንድ የነበረው የኤንሲአር መሐንዲስ ቪክ ሄይስ ደረጃውን የሚያወጣውን ኮሚቴ ከ1990 ጀምሮ ለአሥር ዓመት መራ። የመጀመሪያው የዋይፋይ ደረጃ በ1997 ሲጸድቅ ፍጥነቱ በሰከንድ 1 ወይም 2 ሜጋቢት ብቻ ነበር፤ በ1999 ወደ 11 አደገ። በዚያው ዓመት ጁላይ ስቲቭ ጆብስ ኒው ዮርክ መድረክ ላይ ያለ ምንም ገመድ ኢንተርኔት የከፈተ አይቡክ አሳየ፤ ኤርፖርት የተባለው የቤት ጣቢያ 299 ዶላር፣ ካርዱ 99 ዶላር። ዋይፋይም እንግዲህ ከሱቅ ባንኮኒ ተነስቶ ነው ሳሎን የገባው።

ዲስኩ በዚህ መሐል እየረከሰ ሄደ። አልቤር ፌርና ፒተር ግሩንበርግ በ1988 ለየብቻ የደረሱበት የመግነጢስ ክስተት በ1997 በአይቢኤም ዲስክ ውስጥ የማንበቢያ ጭንቅላት ሆኖ ወጣ፤ በዚያው ስፋት ላይ ብዙ እጥፍ መረጃ መጻፍ ተቻለ። ሁለቱ በ2007 የፊዚክስ ኖቤል ተሸለሙበት። ዩኤስቢ 2 በ2000 ሲመጣ በሰከንድ እስከ 480 ሜጋቢት የሚያስተላልፍ፣ ኮምፒውተሩን ሳያጠፉ የሚሰካና የሚነቀል መንገድ ተገኘ። የመጋራት ምክንያቱም እዚህ ላይ ተገለበጠ። በኮርቨስ ጊዜ ዲስኩ ጥቂት ስለነበር ነው ሰዎች የተጋሩት፤ አሁን ዲስኩ በየመሳቢያው ሞልቶ ፋይሉ የትኛው ላይ እንዳለ ስለጠፋ ነው። በአንድ ቤት አራት ኤክስተርናል ዲስክ፣ በአራቱም ላይ ግማሽ ግማሹ የአንድ ጥምቀት ፎቶ። ከውጭ የመጣ ዘመድ ትቶት የሄደው አምስተኛውም ይጨመራል።

ዲስኩን ከራውተሩ ጋር ያጋባው ሥራ በከፊል ሳይታሰብ የሆነ ነው። ሊንክሲስ በ2002 መጨረሻ ያወጣው ሰማያዊና ጥቁር ራውተር ውስጡ ሊነክስ እንደሚሠራበት በ2003 ሰዎች ደረሱበት። የሊነክስ ፈቃድ ኮዱን ይፋ ማድረግ ያስገድዳል፤ ኩባንያው አደረገ፤ በ2004 ኦፕንደብልዩአርቲ የተባለው ነጻ ሶፍትዌር ከዚያ ተወለደ። በዚያው 2004 ሊንክሲስ ኤንኤስኤልዩ2 የምትባል መዳፍ የምታክል ሳጥን አወጣ፤ ዋጋዋ ከ100 ዶላር በታች፣ ሁለት የዩኤስቢ ቀዳዳ፣ አንድ የኔትወርክ ገመድ፣ 32 ሜጋባይት ሜሞሪ፣ ውስጧ ሊነክስና ሳምባ። ሥራዋ ተራ ዩኤስቢ ዲስክን ለቤቱ ሁሉ ማካፈል ነበር። ባለሙያ ወጣቶች ከፋፍተው የራሳቸውን ሶፍትዌር ጫኑባት፤ ሙዚቃ ሰርቨር፣ የዌብ ሰርቨር፣ ያልሆነችው የለም። አፕል በ2007 ኤርፖርት ኤክስትሪም ላይ ዲስክ መሰኪያ አደረገ፣ በ2008 ዲስኩን በራሱ ውስጥ የያዘ ታይም ካፕሱል አስከተለ። ከዚያ ወዲያ ከጀርባው ዩኤስቢ ቀዳዳ ያለው ራውተር የተለመደ ሆነ። በካንቤራ በፓኬት አጥማጅነት የተጀመረው ኮድ የቤቱ ሰው ሳያውቀው በየቤቱ ገባ።

እዚህ ላይ ሒሳብ እንሥራ፤ ብዙ ሰው ዋይፋዩ ይዘገያል ብሎ ተስፋ የሚቆርጠው ሒሳቡን ስለማያውቅ ነው። በራውተሩ ካርቶን ላይ የተጻፈው ፍጥነት በተግባር ከሚገኘው እጥፍ ገደማ ነው። 11 ሜጋቢት የተባለው የ1999ኙ ዋይፋይ በእውነቱ 5 ያህል ይሰጥ ነበር፤ 700 ሜጋባይት ፊልም ለመገልበጥ ሃያ ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። በ2003 የመጣው 54 ሜጋቢት የሚለው ወደ አራት ደቂቃ አወረደው። ደግሞ አየሩ አንድ ነው፤ በአንድ ጊዜ አንድ ይናገራል። ከላፕቶፕ ወደ ራውተሩ ዲስክ ሲገለበጥ ፋይሉ አየሩን አንዴ ያቋርጣል። ዲስኩ ራውተሩ ላይ ሳይሆን ሌላ በዋይፋይ የተገናኘ ኮምፒውተር ላይ ከሆነ ግን መጀመሪያ ወደ ራውተሩ፣ ከዚያ ወደዚያኛው ኮምፒውተር፣ ሁለት ጊዜ ያቋርጣል፤ ፍጥነቱም በግማሽ ይወርዳል። ኮንዶሚኒየም ላይ የጎረቤት ራውተር ሁሉ በ2.4 ጊጋኸርዝ ተፋፍጎ ሲጮህ ደግሞ ግማሹም ይሸራረፋል። የሚቻል ከሆነ ቴሌቪዥኑን በኬብል ማገናኘት፣ ለላፕቶፑ 5 ጊጋኸርዙን መምረጥ ያዋጣል። ቴሌቪዥን ፋይል የሚፈልገው በአብዛኛው ዲኤልኤንኤ በሚባል ሌላ መንገድ መሆኑንም ማወቅ ይጠቅማል፤ ራውተሩ ላይ ያ ካልበራ ስልኩ በኤስኤምቢ የሚያየውን ቴሌቪዥኑ አያየውም።

ከፍጥነት የሚብሰው የኃይል ጉዳይ ነው። ትንሹ ኤክስተርናል ዲስክ የራሱ ቻርጀር የለውም፤ መብራት የሚወስደው ከዩኤስቢው ነው። የዩኤስቢ 2 ቀዳዳ ደረጃው 500 ሚሊአምፔር ነው፣ ዲስኩ ለመሽከርከር ሲነሳ ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ያኔ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል፤ ይነሳል፣ ይወድቃል፣ እንደገና ይነሳል። ሰዉ ዲስኬ ተበላሸ ብሎ ወደ ጠጋኝ ይሮጣል፤ ዲስኩ ግን ርቦት ነው። በራሱ ኃይል የሚሠራ የዩኤስቢ ማከፋፈያ መሐል ቢገባ ድምፁ ይጠፋል። መብራት ድንገት ሲሄድ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ኤንቲኤፍኤስና ኤክስት4 የተባሉት የፎርማት ዓይነቶች ሊያደርጉ ያሰቡትን ቀድመው ስለሚመዘግቡ በመሐል ቢቋረጡም ያገግማሉ፤ ፋት32ና ኤክስፋት ይህ መዝገብ የላቸውም። ፋት32 በዚያ ላይ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል አይቀበልም፤ የሰርግ ቪዲዮ አልገባ የሚለው በዚህ ነው።

አሁን ወደ ኮሪደሩ እንመለስ። ኤስኤምቢ ሲፈጠር ባዕድ ሰው ኔትወርኩ ውስጥ ሊገባ የሚችለው በሩን አልፎ ገመድ ከሰካ ብቻ ነበር። ቤት ሲገባ ገመዱ ቀረ፤ ሞገዱ ግድግዳ አልፎ ደረጃው ድረስ ይሰማል። በእኛ ሰፈር ደግሞ የአንዱን ዋይፋይ ሁለት ሦስት ጎረቤት ተጋርቶ መክፈል እንግዳ ነገር አይደለም። የዋይፋዩን ፓስወርድ የሰጠ ሰው ፎልደሩ ካልተቆለፈ ዲስኩንም ሰጥቷል፤ ይህ ብዙ ጊዜ ትዝ የሚለው የለም።

ከጎረቤት የባሰው ግን ከውጭ መጣ። በ2014 ፌብሩዋሪ አሱስ ራውተር ያላቸው ሰዎች ዲስካቸውን ሲከፍቱ ያላስቀመጡት የጽሑፍ ፋይል አገኙ። ፋይሉ ዲስክህን ከየትም ሆኖ ማንም ሊያየው ይችላል እያለ የሚያስጠነቅቅ ነበር። ራውተሩ ዲስክ ሲሰካበት የሚያቀርበው የማዘጋጃ ገጽ ቀድሞ የመረጠላቸው ለማንም ክፍት የሆነውን መንገድ ነበር፤ ባለቤቶቹ ለቤተሰቤ አካፈልኩ ብለው ለዓለም አካፍለዋል። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2016 ባወጣው ክስ ከ12,900 በላይ ዲስኮች በዚህ መንገድ እንደተደፈሩ ገለጸ፤ ኩባንያው ለ20 ዓመት በገለልተኛ አካል እንዲመረመር ተስማማ።

በሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ዓለምን ሲያምስ፣ የእንግሊዝን ሆስፒታሎች ሲያቆም፣ የገባው በኤስኤምቢ የመጀመሪያ እትም ቀዳዳ ነበር፤ ማይክሮሶፍት ማስተካከያውን ከሁለት ወር በፊት አውጥቶ ነበር። ከዚህ በኋላ ኩባንያው በዚያው ዓመት መኸር ባወጣው ዊንዶውስ 10 እትም ያን አሮጌ ፕሮቶኮል ሳይጭነው ቀረ። ውሳኔው ትክክል ነው። ግን በብዙ ቤቶች ያሉት ራውተሮች ውስጥ የተቀመጠው ሳምባ የአሥር ዓመት ዕድሜ ያለው፣ አሮጌውን እትም ብቻ የሚያውቅ ነበር። ቢሮ ቢሆን የኮምፒውተር ክፍሉ በሳምንት ውስጥ ሰርቨሩን ያድሳል። ቤት ውስጥ ዲስኩ ዝም ብሎ ጠፋ። መብራቱ ይበራል፣ ይሽከረከራል፣ ኮምፒውተሩ ላይ ግን የለም።

እጅግ የሚያሳዝነው የ2021 ጁን ነገር ነው። ማይ ቡክ ላይቭ የተባለ የዌስተርን ዲጂታል የኔትወርክ ዲስክ የነበራቸው ሰዎች አንድ ጠዋት ፎልደሮቻቸውን ባዶ አገኟቸው። የዓመታት ፎቶ፣ የዓመታት ሥራ። መሣሪያው ከ2015 ወዲህ አፕዴት አልተሠራለትም። ሲመረመር ዲስኩን ወደ ፋብሪካ ሁኔታው የሚመልሰው የፕሮግራም ገጽ ላይ «ይህን ያዘዘው ባለቤቱ ነውን» ብለው የሚጠይቁት መስመሮች እንዳይሠሩ ተደርገው ተገኙ። መስመሮቹ አልተሰረዙም፤ በየፊታቸው ሁለት እዝባር (//) ተደርጎባቸው ፕሮግራሙ ይዘላቸዋል። አንድ ፕሮግራመር በ2011 ኮዱን ሲያስተካክል የተወው ነው። ኩባንያው ለጠፋባቸው ሰዎች የዳታ ማዳን አገልግሎት አቀረበ። ሁለተኛ ቅጂ የሌለው ዲስክ፣ ኔትወርክ ላይ ይሁን መሳቢያ ውስጥ፣ የአንድ ቀን ዕጣ ነው።

ኩባንያዎቹ ከእነዚህ ሁሉ የተማሩት መሣሪያውን ማጥበቅን ብቻ አይደለም፤ ገሸሽ ማለትንም ነው። ፋይልን በኢንተርኔት፣ ማለትም በክላውድ፣ የሚያስቀምጡት ድሮፕቦክስ በ2008፣ ጉግል ድራይቭ በ2012 ከመጡ በኋላ አፕል በ2018 የራውተር ሥራውን ጨርሶ ተወ። ምክንያቱ የደኅንነት ብቻ ነው ብዬ አላምንም። ሳጥን አንዴ ይሸጣል፣ ክላውድ በየወሩ ይከፈላል። ፋይበር ለገባበት አገር ክላውዱ ምቹ ነው። በሰከንድ 2 ሜጋቢት ወደ ላይ በሚልክ መስመር ግን 100 ጊጋባይት ፎቶ ለመላክ ከአራት ቀን ተኩል በላይ ይወስዳል፣ መስመሩ ካልተቋረጠ። ያንኑ በቤት ዋይፋይ በ200 ሜጋቢት መገልበጥ ሰዓት ከሩብ አይሞላም። ክፍያው በዶላር ካርድ መሆኑም ሌላ ነገር ነው።

በ2024 የወጣው የዊንዶውስ 11 እትም ደግሞ በፕሮ ዓይነቱ ላይ አንድ ጥብቅ ነገር ጨመረ። ፓስወርድ የሌለበትን የኔትወርክ ፎልደር በእንግድነት መክፈት እንደ ቀድሞው አይፈቅድም፤ መልእክቱ ፊርማ ያልተደረገበት ከሆነም አይቀበልም። ከራውተሩ ዲስክ ጋር ለመገናኘት የሞከረ የቤት ተጠቃሚ የሚያየው ማስታወቂያ «የድርጅትዎ የደኅንነት ፖሊሲ» ያልተረጋገጠ እንግዳ እንዳይገባ ከልክሏል የሚል ነው። ሰውየው ከሳሎኑ ሶፋ ላይ ተቀምጧል፤ ድርጅት የለውም፣ ፖሊሲም አላወጣም። ብዙዎች መቆለፊያውን ከኮምፒውተሩ ላይ የሚያነሳ ትእዛዝ ፈልገው ያስገባሉ። ያን ባያደርጉት እመርጣለሁ። የተሻለው ወደ ራውተሩ ማዘጋጃ ገጽ ገብቶ ለዲስኩ የተጠቃሚ ስምና ፓስወርድ መስጠት፣ «ከኢንተርኔት ግባ» የሚለው ምርጫ ካለ ማጥፋት፣ ያንኑ ስም በኮምፒውተሩም በስልኩም ማስገባት ነው። ራውተሩ አሮጌውን ኤስኤምቢ ብቻ የሚያውቅ ከሆነና አዲስ አፕዴት ከሌለው ዲስኩን ነቅሎ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ መሰካት ይሻላል። ስክሪኑ የተሰነጠቀ ቢሆንም ግድ የለም፤ ሊነክስና ሳምባ ይጫንበት፣ በኬብል ከራውተሩ ጋር ይገናኝ። የላፕቶፑ ባትሪ ሩብ ሰዓት እንኳ ከያዘ፣ መብራት ሲሄድ ዲስኩን በሥርዓት ዘግቶ ለማጥፋት ይበቃዋል፤ ራውተሩ ይህን ማድረግ አይችልም።